የስንዴው ባለመብት ማን ነው? ከባቫሪያ ቢራ እስከ ኩልመስክ ጠላ

የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ንጉሡ የት እንደዘመተ፣ ማንን ድል እንደነሣ፣ የትኛውን ደብር እንዳሠራ በዝርዝር ነግረውናል። ሠራዊቱ ምን በልቶና ምን ጠጥቶ እንደዘመተ ግን እምብዛም አይነግሩንም፤ ሲነግሩንም «ግብር ተበላ» ብለው ያልፉታል። የግብሩ እህል ከማን ጎተራ እንደወጣ፣ ጠላውን የጠመቀችው ማን እንደነበረች መጠየቅ የብዕር ሰው ሥራ መስሎ አልታያቸውም። እኔ ዛሬ ስለ ጠላ ለመጻፍ ስነሣ «አገር በእሳት ላይ ሆና አንተ ስለ መጠጥ ትጽፋለህን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ቢታገሰኝ ግን ወሬው ከመጠጥ ወደ እህል፣ ከእህልም ወደ መንግሥት መሄዱ አይቀርም።

የነገሩ መነሻ አንድ ጠርሙስ ቢራ ነው። ሙኒክ ከርሞ የተመለሰ ወዳጄ ጀርመኖች «ዱንክልቫይትሰን» የሚሉትን፣ እኛ ጥቁር የስንዴ ቢራ ልንለው የምንችለውን መጠጥ አምጥቶልኝ ነበር። እኛ ከተሜዎች ቢራ ሲባል የለመድነው የጠራ፣ ቀለሙ የገለባ የመሰለ፣ በረዶ እስኪመስል የቀዘቀዘ ነገር ነው። ይህኛው የደፈረሰ ነው። ቀለሙ የጠቆረ ማር ይመስላል፤ አረፋው ወፍራም ነው፣ ቶሎም አይከስምም። ወደ አፍንጫ ሲያስጠጉት የበሰለ ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል። ሙዝም ሆነ ቅርንፉድ ግን አልገባበትም፤ ሽታውን የሚፈጥረው መጠጡ ሲብላላ እርሾው ነው። ምላስ ላይ ሲያርፍ የድፎ ዳቦ ቅርፊት ያስታውሳል፤ መራራነቱ ጥቂት ነው። ወዳጄ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ወዘወዘውና ሥር የዘቀጠውን ሁሉ ጨምሮ ቀዳልኝ።

«ይህማ ጉሽ ነው!» አልኩት።

ሳቀብኝ፤ ነገሩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነበር። ጀርመኖች ያልተጣራውን የስንዴ ቢራ ሲጠሩ «ሄፈ» የሚል ቃል ያስቀድማሉ፤ እርሾ ማለት ነው። እኛ ያልተጣራውን ጠላ ጉሽ ብለን እንደምንለየው መሆኑ ነው። በእነርሱ ልማድ ይህ መጠጥ የስንዴ ቢራ ለመባል ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ ስንዴ መሆን አለበት። ጥቁረቱም የሚመጣው ከብቅሉ ከፊሉ ጠንከር ባለ እሳት ስለሚቆላ ነው። አሻሮ ሲቆላ፣ እንኩሮ ሲነኮር ያየ ሁሉ ይህንን ለመረዳት ጀርመን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባም ቢሆን ጥቁር ቢራ ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት የሚባለውን አምርቷል፤ በቦሌም በጀርመን ስልት የሚጠምቅ አንድ የቢራ አዳራሽ ብሎንዲና ኤቦኒ እያለ ቢጫውንና ጥቁሩን ለይቶ ሲቀዳ ኖሯል። ወጣቶቻችን አሁን አሁን «ክራፍት ቢራ» የሚሉት ነገር አለ። በትንሽ መጠን፣ በጠማቂው የእጅ ሙያ የሚሠራ ቢራ ማለት ነው። ትርጓሜው ይህ ከሆነ በየመንደሩ ያሉ እናቶቻችን ስንት ዘመን ክራፍት ቢራ ሲጠምቁ እንደኖሩ አስቡት!

እኔን የሳበኝ ግን ከጣዕሙ ይልቅ ከዚያ ጠርሙስ ጀርባ ያለው ሕግ ነው። የባቫሪያው መስፍን ዊልሄልም 4ኛ በ1516 እ.ኤ.አ. ባወጣው ድንጋጌ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር በሌላ ነገር እንዳይጠመቅ አዘዘ። ጀርመኖች ይህን ሕግ የቢራቸው የጥራት መለያ አድርገው ይኮሩበታል። የታሪክ ሰዎች ግን ሌላ ምክንያት ይጨምሩበታል፤ ስንዴና አጃ ለጠማቂ ከተሸጠ ለዳቦ ጋጋሪ የሚተርፈው ያንሳል፣ የዳቦ ዋጋም ይንራል። እስከዚህ ድረስ ለድኻው ያሰበ ሕግ ይመስላል። ነገር ግን ደገንበርግ የሚባሉ መሳፍንት በስንዴ የመጥመቅ ልዩ መብት ነበራቸው። ዘራቸው በ1602 እ.ኤ.አ. ሲቋረጥ መብቱ ወደ መስፍን ማክሲሚልያን 1ኛ ተመለሰ። እርሱስ ምን አደረገ? ስንዴውን ለዳቦ ጋጋሪዎች ለቀቀላቸውን? የለም። የራሱን የስንዴ ቢራ መጥመቂያዎች አቋቋመ፤ በሙኒክም በ1607 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ተግባር አዲስ ቤት አሠራ። ከዚያ የተገኘው ገቢ ግምጃ ቤቱን ሞላው፤ ከ1618 እስከ 1648 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የ30 ዓመቱ ጦርነትም ለባቫሪያ ትልቅ ድጋፍ ሆነ። ተራው ጠማቂ ሲነካው የሕዝብ ዳቦ የነበረው ስንዴ መስፍኑ ሲነካው የመንግሥት ገቢ ሆነ ማለት ነው። ጊዮርግ ሽናይደር የተባለ ጠማቂ በ1872 እ.ኤ.አ. የስንዴ ቢራ የመጥመቅ መብት ያገኘው የጠጪው ፍላጎት ቀንሶ መጠጡ ለቤተ መንግሥት ብዙም የማያስገኝ ከሆነ በኋላ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስንዴና ቢራ በአንድ ላይ በመንግሥት እጅ ገብተው የምናገኛቸው ገና በአክሱም ድንጋይ ላይ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና የቤጃን ሕዝብ ድል ካደረገ በኋላ 6 አለቆችን ከነሕዝባቸው፣ በጠቅላላው 4400 ሰዎችን፣ ከአገራቸው አንሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ እንዳዛወራቸው በሦስት ዓይነት ጽሕፈት አስቀርጿል። በመንገድ ለ4 ወራት ሥጋ፣ በየቀኑ 22000 የስንዴ እንጀራ፣ የሚጠጡትም ጠላና ወይን እንደሰጣቸው ይነግረናል። ቁጥሩ የንጉሥ ጉራ ሊኖርበት ይችላል። ያም ሆኖ ለተሸነፈ ሕዝብ 4 ወር ሙሉ ዳቦና ጠላ ማቅረብ የሚችል መንግሥት የስንት ገበሬ አውድማ በእጁ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የጋገሩትና የጠመቁት ሴቶች ስንት እንደነበሩ ድንጋዩ አልቆጠረም።

በቋንቋችንም ውስጥ የተቀበረ ምስክር አለ። «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው፤ ገበሬው ለጌታው የሚያስገባው እህል ግብር ነው፣ ጌታው ለሠራዊቱ የሚያበላው ድግስም ግብር ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ ነገር አንድ ቃል የሰጡት ከድኽነት አይመስለኝም። ያው እህል ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር ወጥቶ። ጠጁ ለመኳንንቱ፣ ጠላው ለጭፍራው ይቀዳ ነበር። ገባሩ አሥራቱን ከአውድማው ላይ ከፍሎ ሲያበቃ የጌታውን እህል የመፍጨት ግዴታም ነበረበት። በእርግጥ ወፍጮው ሥር የሚንበረከከው እርሱ አልነበረም፤ ሚስቱና ሴት ልጆቹ ነበሩ። የእኛ መኳንንት እንደ ባቫሪያው መስፍን በእያንዳንዱ ጋን ላይ ሕግ ማውጣት አላስፈለጋቸውም፤ እህሉን ጋኑ ዘንድ ሳይደርስ ያገኙት ነበር።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ከማወቄ ይልቅ ልብ ያስባለኝ ኩልመስክ ያጋጠመኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ገናን ላሊበላ አክብሬ ስመለስ ብዙው መንገደኛ የሚመርጠውን የጋሸናን መንገድ ትቼ በኩልመስክና በድልብ አድርጌ ወደ ወልድያ ወጣሁ። አገሩ የላስታ ደጋ ነው፤ ነፋሱ ይቆርጣል፣ የገብሱና የስንዴው ቃርሚያ ገና ማሳው ላይ ነበር። ከ4200 ሜትር በላይ የሆነው አቡነ ዮሴፍ ተራራም ከዚያው አገር ነው። የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ መምህር እናቱ ቤት አሳደረኝ። እናቱ ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ፣ ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው።

የቀረበልኝ ጠላ ጥቁር ነበር። እማማ እንደ ደንቡ በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀምሰው ጣሳውን ሰጡኝ። ያን ጊዜ ስለ ጀርመኑ ቢራ የማውቀው አልነበረም፤ የሙኒኩን ጠርሙስ ስቀምስ በአፌ ላይ የመጣው ግን ይህ ጣሳ ነው። በእማማ ጠላ የሙዝ ሽታ የለም። በምትኩ ጋኑ በወይራ ስለታጠነ ጭስ ጭስ ይላል፤ ጌሾው ከሆፕስ ይልቅ ጠለቅ ያለ ምሬት አለው፤ ከኋላ ደግሞ ቀለል ያለ ኮምጣጣነት ይመጣል። ከሥር ያለው የተቆላ እህል ጣዕም፣ ያ የዳቦ ቅርፊት፣ ግን አንድ ነው። ጥንካሬውም ለዘብ ያለ ነው፤ የጀርመኑ ቢራ አልኮል 5 በመቶ ገደማ ሲሆን የቤት ጠላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው።

«እማማ፣ ይህ ጠላ ከምንድን ነው የተጠመቀው?» አልኳቸው።

«ከምን ይሆናል ልጄ፣ ከገብስና ከስንዴ ነው እንጂ። ብቅሉ ገብስ ነው፤ ለእንኩሮው ስንዴ ጨመርሁበት። ዘንድሮ ስንዴው ደኅና ነው።»

«ጥቁረቱስ?»

«እሱ የምጣድ ነገር ነው። ብትቸኩል ይነጣል፣ ብታንቀላፋ ያርራል።»

ሥራውን ከመጀመሪያው አስረዱኝ። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ ይጠነሰሳል። ቀናት ቆይቶ ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባል፤ ቀጥሎ እንጨት ጌሾውና እንኩሮው ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል። ከዚያ ጋኑ አፉ ታሽጎ ይሰነብታል። ድፍድፉ ሲደርስ በውኃ ይበጠበጣል፤ መጀመሪያ የሚቀዳው ወፍራሙ ነው፣ ውኃ እየተጨመረ በመጨረሻ የሚገኘው ቅራሪ ይባላል፤ አተላው ለከብት ይሰጣል። የሚጣል ነገር የለም። ማታ ቤቱ ከመጡት ጎረቤቶች አንዱ ሙስሊም ስለነበሩ ለእርሳቸው ከተቆላ ገብስ የተሠራ ቀሪቦ ለብቻው ቀረበላቸው (ወሎ እንዲህ ነው፤ አንዱ ገብስ ለሁለቱም ይበቃል)። ሥራውን ከሩቅ አይቶ ማሞካሸት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። እንኩሮ ስትነኩር ዓይኗ በጭስ የተቃጠለች፣ በእንስራ ውኃ ስትሸከም ወገቧ የጎበጠ ሴት ስለ «ባህላዊ መጠጣችን» ውበት የምናወራውን ብትሰማ ምን ትለን ይሆን? ባሏ የበሬ መግዣውን ጠላ ቤት ያራገፈባትስ?

ለእኔ ትልቁ ነገር የመጣው ስለ ሰባ ሰባት ስንጫወት ነው። ረኃቡ ከመድረሱ በፊት ምን ምልክት እንደነበረ ጠየቅኋቸው።

«ጋናችን ነበር ምልክቱ» አሉኝ። «ዝናቡ በቀረ ጊዜ ጋኑን ገልብጠን አስቀመጥነው። ለብቅል ተዘፍዝፎ የበቀለውን ገብስ እንኳ አውጥተን፣ ቆልተን በላነው። ሠርግም ቀረ፣ ማኅበርም ቀረ። ጋኑ የተገለበጠባት ቤት እህል እንደሌላት ያኔ ታውቃለህ። የመንግሥት ሰዎች ቤት ለቤት መጥተው ቢሆን ያውቁት ነበር።»

ይህን ስሰማ በተማሪነቴ ያነበብሁት የአማርትያ ሴን መጽሐፍ ታወሰኝ። ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድኽነትና ረኃብ ባሳተመው ሥራ አንዱን ምዕራፍ የሰጠው ለኢትዮጵያ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ላይ የደረሰውን እልቂት ሲመረምር በአገሪቱ የነበረው ጠቅላላ የእህል መጠን ያን ያህል እንዳልቀነሰ አሳየ። የደሴ የእህል ዋጋም ሰው እየሞተ ብዙ አልናረም፤ ጥቂት እህል እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲከስም መብሉም፣ ሸጦ የሚገዛበት ገንዘቡም አብረው ጠፉ። እህሉ በገበያ ነበረ፤ እርሱ ግን በእህሉ ላይ መብት አልነበረውም። ሴን ይህን «ባለመብትነት» በሚል ሐሳብ አብራራው። እማማ በተገለበጠ ጋን ያነበቡትን ሴን በገበያ ዋጋ ሰንጠረዥ አነበበው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በላይ የነበረው ጽዋ ግን አልተገለበጠም። የ1966ቱ አብዮት መሪዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ስለነበር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራውን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እያፈራረቁ በቴሌቪዥን አሳዩ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አወረዱ። ከ10 ዓመት በኋላ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ያው ሥርዓት የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ አከበረ። በጥቅምት ዓለም የኮረምን ሜዳ በቴሌቪዥን ሲያይ የበዓሉ ጌጥ ገና ከአደባባዩ ወርዶ አላለቀም ይሆናል። የኩልመስክ ሴቶች ጋናቸውን የገለበጡት ከሁሉም ቀድመው ነበር።

ለዚህም ነው «በተራበ አገር እህል ለመጠጥ ማዋል ነውር አይደለምን?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የትኛውን መጠጥ ማለታችሁ ነው ብዬ የምጠይቀው። የቤት ጠላ ከአዝመራው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ ጠማቂዋ የጎተራዋን ወለል በዓይኗ ታያለች። የፋብሪካ ቢራ ከጎተራው ርቋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ደርግ ወረሰው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. በ10 ሚሊዮን ዶላር ለፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ተሸጠ። ሐረርና በደሌ በ2011 እ.ኤ.አ. በ163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሆላንዱ ሄኒከን፣ ሜታ አቦ በ2012 እ.ኤ.አ. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጆ ተላለፉ፤ ሜታን ዲያጆ በ2022 እ.ኤ.አ. መልሶ ለቢጂአይ፣ ማለትም ለዚያው ለካስቴል ሸጠው። ፋብሪካዎቹ ለዓመታት ከብቅላቸው ብዙውን በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ ቆይተው ሱፍሌና ቡርትማልት የተባሉ የውጭ ኩባንያዎች እዚሁ የብቅል ፋብሪካ ተከሉ። በዚህ የአርሲና የባሌ ገብስ አምራች ገበሬ እንደተጠቀመ አልክድም፤ ፋብሪካ ይዘጋ የሚል ክርክርም የለኝም። መንግሥት ስለ ቢራ ሲያስብ ግን የሚያስበው ስለነዚህ ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አገደ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ታክሱን ደነገገ። የብቅል ገብስ ዝርያ ይመረመራል፣ ለገበሬው በውል ይታደላል። እማማ በየትኛው ሰነድ ውስጥ አሉ? ለእርሳቸው ገብስ፣ ለእርሳቸው ጌሾ፣ ጭስ ለሚቀንስ ምድጃቸው የተጻፈ አንድ አንቀጽ ያየ ሰው ቢኖር ይጠቁመኝ።

በስንዴውም ላይ ያየነው ከዚህ አይርቅም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሯ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተበሠረ። አራት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ የአሜሪካው ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለተረጂዎች የመጣው እህል ከታለመለት ውጭ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን አቋረጡ፤ የቀጠሉትም ከወራት በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ስንዴ ተርፎን ሸጥን፣ ስንዴ ጠፍቶን ተለመንን፣ የተለመነውም ስንዴ ተሰረቀ። የማክሲሚልያንን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ከእንግዲህ ሩቅ ምሳሌ ፍለጋ አልቸገርም።

ላስታም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከደረሰበት ጦርነት ሳያገግም በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በፋኖ ታጣቂዎች እጅ ገባ፤ በረራ ተቋረጠ፣ በክልሉም ሌላ ጦርነት ተከፈተ። የኩልመስኩ መምህር ስልክ በሠራ ቀን ይደውልልኛል። በተከታዩ ጥር እናቱ ቤት ተራ ደርሶ የነበረው የአስተርእዮ ማርያም ማኅበር እንዳልቀረ፣ ጽዋውም እንደተነሣ ነገረኝ። የተጠጣው ግን ቅራሪ ነበር፤ እርሱም ከጎረቤት በተበደሩት ብቅል።